ፎቶዎቻችንን ክላውድ ላይ እንተዋቸው ወይስ ሃርድ ዲስክ እንግዛ?

የልጆች_እናት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ላማክራችሁ። የጂሜይሌ 15 ጊጋ ክላውድ፣ ማለት ኢንተርኔት ላይ ያለው ማስቀመጫ፣ ሞልቷል። ፎቶ መጫን አቁሟል፤ ኢሜይልም ሊቆም ነው እያለ በየቀኑ ያስጠነቅቀኛል። እዚያ ውስጥ ያለው የልጆቼ ፎቶ ነው፣ ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ። የአባቴ የድሮ ፎቶዎችም አሉ፤ ከአልበም ላይ በስልክ እያነሳሁ ያስገባኋቸው። የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ የልጆች የልደት ሰርተፍኬት፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ባለቤቴ "2 ቴራ ሃርድ ዲስክ ገዝተን እቤት እናስቀምጥ፣ በየወሩ ለፈረንጅ የምንከፍለው ለምንድነው?" ይላል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ "ሃርድ ዲስክ ይበላሻል፣ ይሰረቃል፣ ክላውዱን ክፈሉ" ይላል። በስልክ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። እስቲ አስታርቁልኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔ ኮምፒውተር ላይ ብዙም አይደለሁም።

ጠጋኙ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ጂሜይል ማን ነው የከፈተልሽ?

እኔ ስልክ ጥገና ነው የምሠራው። ደንበኛ ይመጣል፤ ስልኩ ወድቆ አልነሳ ብሏል። "ፎቶዬን ብቻ አውጣልኝ" ይላል። "ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ አለህ?" ስለው "ጉግል ላይ አለ" ይለኛል። "ኢሜይልህስ?" እዚህ ላይ ዝም። ስልኩን ሲገዛ ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ ነው የከፈተለት። የራሱ ስም፣ ከኋላው የቁጥር መዓት። ፓስወርዱን ልጁ ነው የሚያውቀው፤ እሱም ከረሳው ቆይቷል። ማረጋገጫ ኮድ የሚላክበት ስልክ ቁጥር ደግሞ ወይ የልጁ ነው፣ ወይ ድሮ የተጣለ ሲም። ፎቶው አልጠፋም። የሆነ ሀገር ሰርቨር ላይ በሰላም ተቀምጧል። ባለቤቱ ግን ሊገባበት አይችልም።

ስለዚህ ክላውድ ይሁን ሃርድ ዲስክ ከማለታችሁ በፊት ሌላ ስልክ ወይ ኮምፒውተር ላይ በኢሜይልሽና በፓስወርድሽ ግቢ። ከገባሽ ጨዋታው ይቀጥላል። ካልገባሽ ግን ስልክሽ እጅሽ ላይ እያለ ዛሬውኑ አስተካክዪው። እሱ ከተበላሸ በኋላ እኔ ጋ ብትመጪ ምንም አላደርግልሽም።

ካሜራው፦
ባልሽ ልክ ነው። እኔ የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። የአንድ ሰርግ ጥሬ ቪዲዮ 200 ጊጋ ይደርሳል። በ5 ሜጋቢት የመጫን ፍጥነት ይህን ክላውድ ላይ ልስቀል ብል ሳያቋርጥ 89 ሰዓት ይፈልጋል፤ አራት ቀን ሊሞላ ምንም አይቀረው። መብራት ሳይጠፋ፣ ኔት ሳይቋረጥ ማለት ነው። በህልም ካልሆነ።

ክፍያውም አለ። የክላውድ ዋጋ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲተው ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። አሜሪካ ውስጥ ዋጋው ያው ነው፣ አልተነካም። እዚህ በብር ለሚያስበው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በዚያ ላይ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ሃርድ ዲስክ አንዴ ትገዢያለሽ፣ አለቀ። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

አንባቢ፦
አቦ ምን ያጨቃጭቃችኋል። እኔ ሁሉንም ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅስ ላይ ነው የምወረውረው። ነፃ ነው። ሞላ የሚል ነገር የለም። ስልክ ስቀይር እንኳን ያው እዚያው አገኘዋለሁ። የሀገሩ ክላውድ ቴሌግራም ነው ጓደኞቼ።

ሜሪላንዴ፦
@አንባቢ ቀልድህን ወድጄዋለሁ፤ ግን ብዙ ሰው የምርም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ሦስት ነገር ልንገርህ። ፎቶን እንደ ፎቶ ከላክኸው ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ ጥራቱ እንዲቆይ ከፈለግህ እንደ ፋይል ነው የሚላከው። ሁለተኛ፣ አካውንቱ ለረጅም ጊዜ ካልተከፈተ ራሱን ያጠፋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ስንት ወር እንደተባለ እየው። ሦስተኛ፣ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራም ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብሎ እንደነበር አትርሳ። ያኔ ሴቭድ ሜሴጅስህ የት ነበር?

ወደ ጥያቄው ልመለስና፣ የልጆች እናት፣ ወንድምሽን እደግፋለሁ። ሙያዬም ይሄው የኮምፒውተር ነገር ነው። እቤት የተቀመጠ ሃርድ ዲስክ አንድ ቀን ይሞታል። መቼ የሚለው ብቻ ነው ጥያቄው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሌባ ላፕቶፑን ሲወስድ አጠገቡ ያለውን ሃርድ ዲስክ ትቶልሽ አይሄድም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ግን ፋይልሽን ከአንድ በላይ ቦታ ነው የሚያስቀምጡት፤ አንድ ማሽን ቢሞት አንቺ አታውቂውም።

ካሜራው፦
@ሜሪላንዴ ወንድሜ፣ አንተ ሜሪላንድ ቁጭ ብለህ ፋይበር ላይ ሆነህ ነው የምታወራው። ትልልቆቹ አይነኩም ያልከውም አይዋጥልኝም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10፣ 2021 ስትራስቡርግ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ኦቪኤች የሚባለው የክላውድ ኩባንያ ዳታ ሴንተር (የሰርቨር ማዕከል) በእሳት ሲወድም ስንቱ ድርጅት ነው ዌብሳይቱን ያጣው? ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ሰዎች ከነባክአፓቸው ነው የተቃጠለባቸው። የድሮው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ማይስፔስስ? እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2015 የተጫነ ሙዚቃ ሰርቨር እናዛውራለን ሲሉ ጠፋባቸው፤ 2019 ላይ ይቅርታ ብለው አለፉ። የእነሱም "ክላውድ" የሆነ ሰው ኮምፒውተር ነው።

ሜሪላንዴ፦
እውነትህን ነው፣ አልክድም። እንዲያውም ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጆን ከተማ የመንግሥት ዳታ ማዕከል ተቃጠለ። የመንግሥት ሠራተኞች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ጂ-ድራይቭ የሚባል ነበራቸው። 858 ቴራባይት ነደደ። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም። ኮሪያን የሚያህል በቴክኖሎጂ የታወቀ ሀገር!

ግን ከዚህ የምንወስደው ነገር "ክላውድ መጥፎ ነው" አይደለም። ኮሪያዎቹን የጎዳቸው አንድ ቅጂ ብቻ መያዛቸው ነው። የባልሽም ሃርድ ዲስክ አንድ ቅጂ ነው፤ የአንቺም ጉግል አንድ ቅጂ ነው። ሁለቱም ብቻቸውን አያስተኙም። በእኛ ሙያ 3-2-1 የሚባል ልማድ አለ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ክላውድ ያን "ከቤት ውጭ" የሚለውን በቀላሉ ይሞላልሻል፤ የእኔ ነጥብ ይሄ ብቻ ነው።

ስለ ክፍያው፣ ወንድምሽ አሜሪካ ካለ ችግሩ ግማሹ ተፈቷል። እዚህ ጉግል ላይ 100 ጊጋ በወር 1.99 ዶላር ነው፣ 2 ቴራ ደግሞ 9.99። አንድ ሰው ከፍሎ ለአምስት ሌላ ሰው ማካፈል ይችላል፤ አንዱ የአንዱን ፎቶ አያይም። ከመጨቃጨቅ እሱን ይክፈልልሽ።

ጣናዳር፦
ሁላችሁም ኔት አለ ብላችሁ ነው የምታወሩት። እኔ ባሕር ዳር ነኝ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶብን ነበር። ትግራይ ያሉ ወንድሞቻችን ደግሞ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ስልኩም ኔቱም ተቋርጦባቸው ነው የኖሩት። ሰኔ 2012ም አገር ሙሉ ተዘግቶ ነበር።

በዚያን ጊዜ ክላውድ ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጉግል ፎቶስ ውስጥ "ቦታ አስለቅቅ" የሚል ነገር አለ። ስልኩ ሲሞላ እሱን ትነኪዋለሽ፤ ክላውድ ላይ የተጫነውን ከስልክሽ ላይ ያጠፋዋል። ኔት እያለ ምንም አይታወቅሽም፤ ፎቶውን ስትነኪው ይመጣል። ኔት ሲጠፋ ግን ትንሿ ምስል ብቻ ትቀራለች፣ ድፍን ብላ። ስትነኪያት መሐሏ ላይ ክቧ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ አትከፈትም። ቪዲዮ ከሆነማ ጭራሽ። የሰው ልጅ ሞቶ ለለቅሶ ፎቶ የሚታተም ጠፍቶ ያየሁት በዚህ ነው። ፎቶው አለ፤ አሜሪካ። ሬሳው እዚህ።

ስለዚህ የልጆች እናት፣ ያንን ቁልፍ አትንኪ። ቢያንስ ሌላ ቦታ ሳትገለብጪ አትንኪ።

ከጅዳ፦
ጣናዳር ያልከው ልብ ይነካል። እኔ ደግሞ ከሌላ በኩል ልናገር። እኛ እዚህ ሰው ቤት የምንሠራ ሰዎች ነን። ሃርድ ዲስክ የት አባቴ ነው የማስቀምጠው? ቤት ስንቀይር ሻንጣ ይፈተሻል፤ ስልክ ይወሰዳል። ወረቀትም ይቀራል። ክላውድ ባይኖር ኖሮ የእኔ ፓስፖርትና የሥራ ውል በወረቀት ብቻ ነበር የሚኖረው። አንድ ጊዜ ቆንስላ ስሄድ የፓስፖርቴን ፎቶ ከኢሜይሌ አውጥቼ አሳየሁ፤ ሥራው ቶሎ ተሠራልኝ።

ግን ጠጋኙ እንዳለው ነው፤ መግቢያው ነው ነገሩ። ብዙ እህቶቻችን አካውንታቸው የተያዘው በኢትዮ ሲም ነው። ሲሙ ሀገር ቤት ቀርቷል፣ ሳይሞላ ስለቆየ ተዘግቷል፣ ወይ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። አዲስ ስልክ ገዝታ ልትገባ ስትል ኮዱ ወደዚያ ይሄዳል። አለቀ።

ጉግል ውስጥ "ባክአፕ ኮድ" የሚባል አለ። አሥር ኮድ ይሰጥሻል፣ እያንዳንዱ ስምንት አሃዝ። ስልክ ሳያስፈልግ ያስገባል፤ አንዱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። እኔ በእጄ ወረቀት ላይ ጽፌ አንዱን ቅጂ ደሴ እህቴ ጋ አስቀምጫለሁ። ምን እንደሆነ አታውቅም፤ "ያን ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት አንብቢልኝ" ካልኳት ታነብልኛለች። ይሄው ነው የእኔ ቴክኖሎጂ።

ጠጋኙ፦
@ከጅዳ እጅሽን ይባርከው። ይሄን ጽሑፍ አትሜ ሱቄ ግድግዳ ላይ ነው የምለጥፈው።

ጋሼ_ጡረተኛ፦
ልጆቼ፣ ክላውድ፣ ሃርድ ዲስክ ስትሉ እያነበብኩ ነው። እኔ በ1950ዎቹ ፒያሳ ስቱዲዮ የተነሳሁት ፎቶ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ አለ። ፓስወርድ አይጠይቅም። መብራት ሲጠፋ በሻማ ይታያል። ለምን ጥሩ ጥሩውን አትሙ አትባባሉም?

የልጆች_እናት፦
ጋሼ፣ እርስዎ የተናገሩት ልክ ነው። የአባቴን ፎቶዎች ያገኘሁት ከአልበም ስለነበሩ አይደል? ግን አልበሙ አንድ ነው፤ ወንድሞቼ ሁሉ ይፈልጉታል። ለዚያ ነው በስልክ ያነሳኋቸው።

ሜሪላንዴ፦
ጋሼ የልብ ነገር ነው የተናገሩት። ከሺህ ፎቶ ሃምሳውን መርጦ ማሳተም ከማንኛውም ባክአፕ ያልተናነሰ ነው። ጥሩ ወረቀት ላይ ከታተመና ፀሐይ ካልነካው የልጅ ልጅ ይደርሰዋል። ቪዲዮና ድምፅ ግን አይታተምም፤ እዚያ ላይ ወደ እኛ ጣጣ መመለስዎ አይቀርም።

ብዕረኛ፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ፤ ምስጢር። እ.ኤ.አ. 2022 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ የወጣ ታሪክ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ አባት የታመመ ትንሽ ልጁን ገላ ለሐኪም አንስቶ ላከ። የጉግል ማሽን የሕፃናት ጥቃት ነው ብሎ ያዘው። አካውንቱ ተዘጋ። ፖሊስ አጣርቶ ጥፋት የለበትም አለ፤ አካውንቱ ግን አልተመለሰለትም። ኢሜይሉ፣ ፎቶው፣ ስልክ ቁጥሩ ሳይቀር ሄደ። ይግባኝ የምትለው ለማሽን ነው።

እኛ ሀገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ጥሩ ጅምር ነው። ግን ባንክሽና ሆስፒታልሽ በዳታሽ ምን እንደሚያደርጉ ነው የሚቆጣጠረው። ካሊፎርኒያ የተዘጋ አካውንት አያስከፍትልሽም።

አንባቢ፦
እኔ የምደብቀው ምን አለኝ? የእኔን ፎቶ አይቶ የሚደነቅ ካለ ይደነቅ።

ብዕረኛ፦
@አንባቢ የቤትህ ካርታ፣ መታወቂያህና የባንክ ደብተርህ አንድ ፎልደር ውስጥ ካሉ ሌላ ሰው ሊደነቅባቸው ይችላል። ሃርድ ዲስክም ቢሆን በዚህ አይሻልም። ያልተቆለፈ ሃርድ ዲስክ የወደቀበት ሁሉ ከፍቶ ያየዋል። ኮምፒውተር ያላት ሰው ሰነዶቿን ቬራክሪፕት በሚባል ፕሮግራም ትቆልፍ። ለክላውድ ደግሞ ክሪፕቶሜተር አለ፤ ከመጫኑ በፊት ይቆልፈዋል። ኮምፒውተር ላይ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ቁልፉን ከረሳሽ ግን እግዚአብሔርም አይከፍትልሽም፤ ጻፊው። ለልጆች ፎቶ ሁሉ ይሄ አያስፈልግም፤ ለሰነድ ብቻ።

ጠጋኙ፦
አንድ ነገር ደግሞ ሰዎች አይለዩም። ሲንክ፣ ማለት ስልኩና ክላውዱ አንድ ዓይነት ሆነው እንዲቆዩ ማድረግ፣ ከባክአፕ ጋር አንድ አይደለም። ልጅ በስልክሽ ሲጫወት ፎቶ ቢያጠፋ ክላውዱም ላይ አብሮ ይጠፋል። ጉግል ፎቶስ ላይ የተጫነ ፎቶ ቅርጫት ውስጥ 60 ቀን ይቆያል፤ አይፎን ላይ 30 ቀን። ከዚያ በኋላ የለም። ሃርድ ዲስክ ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው። ገልብጠሽ ከነቀልሽው ከተነቀለ ነገር ላይ ልጅም ቫይረስም አያጠፋም። ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ የሚኖር ሃርድ ዲስክ ግን ቫይረስ ሲገባ አብሮ ነው የሚቆለፈው። ብዙ ቢሮ እንደዚህ ሆኖ አይቻለሁ።

ሜሪላንዴ፦
ትክክል። ያልተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ጉግል ከ2023 ታኅሣሥ ጀምሮ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተገባበትን የግል አካውንት ከነይዘቱ ማጥፋት ይችላል። ያለፉ ወላጆቻችን አካውንት እንደዚህ ነው የሚሄደው። ሴቲንግ ውስጥ "ኢንአክቲቭ አካውንት ማኔጀር" የሚባል አለ። ለተወሰነ ጊዜ ካልገባሁ ይዘቱን ለእከሌ ስጥልኝ ትይዋለሽ። አፕል ላይም "ሌጋሲ ኮንታክት" አለ። ስለ ሞት ማውራት ደስ አይልም፤ ግን ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ጣናዳር፦
@ሜሪላንዴ አንተ ራስህ ምን ነው የምትጠቀመው?

ሜሪላንዴ፦
አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኢሚች የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ጭኛለሁ። እንደ ጉግል ፎቶስ ነው፤ ሰርቨሩ ግን እቤትህ ነው። ስልኬ ቤት ዋይፋይ ውስጥ ሲገባ ራሱ ይጭናል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም እቤት ውስጥ ይሠራል። ለአዲስ አበባም ባሕር ዳርም ክፉ አይደለም። የላፕቶፕ ባትሪ ራሱ ዩፒኤስ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ዲስኩ ድንገት አይዘጋም። ግን ለሁሉም ሰው አልመክርም። ማዘመን አለ፣ ሲበላሽ የሚጠግነው አንተው ነህ። እኔ ስለሚያዝናናኝ ነው። ባለቤቴ "ይሄን ነገር የምትነካካው ሌሊት ነው" ትለኛለች።

የልጆች_እናት፦
ስንቱን አነበብኩ! ጠጋኙ፣ የነገርከኝን ሞከርኩ። ኢሜይሌ ገባልኝ፤ ማረጋገጫ ቁጥሩ ግን የባለቤቴ የድሮ ሲም ነው። ዛሬ በእኔ ቀየርኩት። የጅዳዋ እህቴ፣ ኮዶቹንም ጻፍኩ።

ባለቤቴና ወንድሜ ይሄን ገጽ ልኬላቸው "ሁለታችንም ልክ ነን ማለት ነው" ብለው ተሳሳቁ። ወንድሜ 100 ጊጋውን ይከፍላል፤ ባለቤቴ ሃርድ ዲስኩን ይገዛል። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ክላውድ ላይ ያለውን እንዴት ነው ወደ ሃርድ ዲስኩ የማወርደው? ደግሞስ ሃርድ ዲስክ ስገዛ ፎርጅድ እንዳይሆን በምን ልወቅ?

ሜሪላንዴ፦
ማውረዱ "ጉግል ቴክአውት" በሚባለው ነው። ፎቶስን ብቻ ምረጪ፤ በ2 ጊጋ በ2 ጊጋ ይከፋፈል በዪው፤ ኔት ቢቋረጥ ያንን አንዱን ብቻ ነው የምትደግሚው። ሊንኩ ከሳምንት በኋላ ስለሚሞት ደህና ዋይፋይ ባለበት ቀን ጀምሪ። አንድ የሚያናድድ ነገር አለው፤ የአንዳንድ ፎቶዎች ትክክለኛ ቀን ጄሰን በሚባል ሌላ ትንሽ ፋይል ውስጥ ለብቻው ይመጣል። ትርፍ ነገር መስሎሽ እንዳታጠፊው። እሱ ከሌለ ልጅሽ የተወለደበት ፎቶ በዛሬ ቀን ሊሰለፍ ይችላል።

ካሜራው፦
ለፎርጅዱ እኔ ልመልስ። ዋጋው ከሌላው ሱቅ ግማሽ ከሆነ አትግዢ። "16 ቴራ ፍላሽ" የሚሉሽን ጭራሽ እለፊ። ውስጡ 32 ወይ 64 ጊጋ ሜሞሪ ነው ያለው፤ ኮምፒውተሩን ዋሽቶ ትልቅ ነኝ ይለዋል። ፋይል ስትገለብጪ ይቀበልሻል፤ ሲሞላ ከላይ ከላይ ይደርበዋል። ችግሩን የምታውቂው ከወራት በኋላ ስትከፍቺው ነው።

ሻጩን "ፈትሼ ካልሆነ እመልሳለሁ" ብለሽ ደረሰኝ ያዢ። እቤት ስትገቢ ምንም ሳትጭኚ ባልሽ ዊንዶውስ ላይ "ኤች2ቴስትደብልዩ" የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ያሂድበት። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል፣ ከዚያ የጻፈውን መልሶ ያነበዋል። ለ2 ቴራ መጻፉ ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ ማንበቡም እንደዚያው። ማታ ጀምሩት፣ ጠዋት ትደርሳላችሁ። መብራት ከጠፋ እንደገና ከዜሮ ነው፤ ስለዚህ ላፕቶፕ ላይ ይሁን፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ እንዳይተኛ ሴቲንጉን አስተካክሉ። ኬብሉንም አትነካኩት፤ የዩኤስቢ ሶኬት ላላ ካለ መሀል ላይ ያቋርጣል፣ ከዚያ ዲስኩን ያላግባብ ትጠረጥሩታላችሁ።

የልጆች_እናት፦
ላፕቶፑ ባትሪው አንድ ሰዓት ነው የሚቆየው። ዩፒኤስ ከጎረቤት ልዋስ?

ካሜራው፦
ተዋሺ። ዋይፋዩንም እዚያው ላይ ሰኪው፣ ቴክአውቱም አብሮ ላፕቶፑ ላይ ይወርዳል።